ዋጋ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለዛሬው ጥናት አንድ ቃል ብቻ መርጠናል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ሲሆን «ቫልዩ» ይባላል። በየወሩ በምንሞላቸው ቅጾች፣ በሪፖርት አርእስት፣ በስብሰባም ላይ ሳናስተውለው ደጋግመን የምንጠራው ቃል ነው። በመጋዘን ያለው ዕቃ ቫልዩ፣ የእህሉ የምግብነት ቫልዩ፣ የድርጅት ቫልዩዎች፣ የሰው ልጅ ቫልዩ እንላለን። በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል ለአራቱም ያገለግላል። በአማርኛ ግን አራቱን በአንድ ቃል ልንጠራ ብንሞክር አንደበታችን እንቢ ይለናል። ስለ ዘይቱ «ዋጋው» ብለን ስለ ሰውዮው ደግሞ «ዋጋው» ብንል፣ የሰማን ሁሉ ዞር ብሎ ያየናል። ለምን እንደ ሆነ እንመልከት።

ጥናቱን ከኩሌ ጋር ያያያዝነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩሌ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ ቀድሞ የተከፈተው ቴርኪዲ ስለ ሞላ፣ በግንቦት ወር 2006 ዓ.ም. ኩሌ ተከፈተ። ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። አካባቢው ለስደተኛ አዲስ አይደለም፤ በደርግ ዘመን በዚያው በኢታንግ ታላቅ መጠለያ ነበረ፤ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሕዝቡ ተበተነ። እንግዲህ በዚህ ቦታ እህል ይሰፈራል፣ ሰው ይመዘገባል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፣ ስብከት ይሰበካል። «ቫልዩ» የሚለው ቃል ያሉት ትርጉሞች ሁሉ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይገናኛሉ።

በመጀመሪያ እንግሊዝኛውን እንመርምር። «ቫልዩ» የመጣው «ቫሌሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ይኸውም መበርታት፣ ጤነኛ መሆን ማለት ነው። ስለዚህ ከጥንቱ ቃሉ ስለ ገበያ ሳይሆን ስለ ብርታት የሚናገር ነበር። ወንድሞቹ የሆኑ ሌሎች ቃላትም አሉ። «ፕራይስ» ሻጭ የሚጠራው ነው፤ «ኮስት» ገዥውን ወይም ሠሪውን ያስወጣው ነው፤ «ወርዝ» ነገሩ በራሱ ያለው ነው፤ «ዲግኒቲ» ደግሞ ለሰው የሚነገር ክብር ነው። የሚያስደንቀው ነገር «ፕራይስ»፣ ሽልማት ማለት የሆነው «ፕራይዝ» እና ምስጋና ማለት የሆነው «ፕሬይዝ» ከአንድ የላቲን ሥር መውጣታቸው ነው። የገበያው ጥሪና የምስጋናው መዝሙር በአንድ ቤት ያደጉ ናቸው ማለት ነው።

ወደ አማርኛ ስንመለስም ይህንኑ የመሰለ ነገር እናገኛለን። «ዋጋ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው ገዥ የሚከፍለው ነው፤ ዋጋ ይጠራል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ዋጋ ይሰበራል። ሁለተኛው ለሠራ ሰው የሚመለስለት ብድራት ነው፤ «ዋጋህን ታገኛለህ» ሲባል ምርቃት ሊሆን ይችላል፣ ዛቻም ሊሆን ይችላል፤ የተናጋሪውን ፊት ማየት ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ቃሉ በሁለቱም ፊቱ ይገኛል። በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ለታይታ የሚጾሙና የሚጸልዩ ሰዎች ስለ ተቀበሉት ብድራት ሲነገር ዋጋ ይባላል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 መጨረሻ ላይ ደግሞ አማኞች ስለ ተገዙበት ክፍያ ሲነገር ያው ዋጋ ይባላል። እንግሊዝኛው በሁለት ቃላት የሚለየውን የእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል ይይዘዋል።

«እሴት» የሚለውንም ቃል እንጨምር። ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰኝ ላይ 15 በመቶ ሆኖ ከሚጻፈው ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ወይም የድርጅቶች ዓላማና እሴት ተብሎ በግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ጽሑፍ ነው። ቃሉ ግን የጽሕፈት ቤት ልጅ አይደለም። በግዕዝ «ዕሴት» ብድራት፣ የድካም ዋጋ ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ «ዕሴተ ጻማ» የሚሉት የድካምን ዋጋ ነው። እንግዲህ እሴት ስንል በጥንቱ አነጋገር የደከመ ሰው ሊቀበለው የሚገባውን መጥራታችን ነው። ይህን በልባችን እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ሁለት ተቃራኒ ቃላትን እንመልከት፤ በእኛ አስተያየት የጥናቱ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ተወደደ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ጤፍ ተወደደ ሲባል ዋጋው ከፍ አለ ማለት ነው፤ ልጁ በሰፈሩ ተወደደ ሲባል ሰው ሁሉ አፈቀረው ማለት ነው። «ውድ» እንዲሁ ነው፤ ውድ ጫማ አለ፣ ውድ ወንድም አለ። ተቃራኒው «ረከሰ» ነው። በርበሬ ረከሰ ሲባል እናቶች ደስ ይላቸዋል። ሰው ረከሰ ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከክብሩ ወረደ፣ ጎደፈ፣ ከቅድስና ወጣ ማለት ነው። «ርካሽ» እና «ርኩስ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እንግዲህ ቋንቋችን ለዕቃና ለሰው አንድ ግሥ ይጠቀማል፤ ፍርዱ ግን በሁለቱ ላይ አንድ አይደለም። እህል ሲረክስ በረከት ነው፤ ሰው ሲረክስ መቅሠፍት ነው። እህል ሲወደድ ጭንቀት ነው፤ ሰው ሲወደድ ደስታ ነው። በኩሌ የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት በየቀኑ ያየዋል፤ ምክንያቱም በችግር ጊዜ ሁለቱ በአንድነት ይመጣሉ፤ እህሉ ሲወደድ ሰው ይረክሳል።

ለጥናት ቡድኖች አንድ ነገር በመንገዳችን እናስታውስ። «ረባ» የሚለውን ግሥ አስቡ። ከብት ረባ ማለት ተዋለደ፣ በዛ ማለት ነው፤ እርባታ የምንለው ከዚህ ነው። «የማይረባ» ግን ከንቱ፣ ለምንም የማይሆን ማለት ነው፤ «እርባና ቢስ» እንላለን። አባቶቻችን የነገርን ዋጋ የለኩት በገንዘብ ሳይሆን በመዋለዱ ይመስላል። ላም ጥጃ ትሰጣለች፤ ብር በሣጥን ውስጥ ተኝቶ ብር አይወልድም።

ይህ ወደ ኑዌሮች ይወስደናል። ለኑዌር ሰው ከብት ሀብት ብቻ አይደለም። ጎልማሳው በሚወደው በሬው ስም ይጠራል፤ ጥሎሽ በከብት ይቆጠራል፤ ነፍስ ሲጠፋ ጉማው በከብት ይከፈላል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በመካከላቸው የኖረው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በዚያ ዘመን ተገቢ ሆኖ ይታይ የነበረው ጥሎሽ ወደ 40 ከብት እንደ ነበረ ጽፏል። ይህ ሰው በ1931 እ.ኤ.አ. ስለ ቃላት አንድ ክርክር አንሥቶ ነበር፤ ለጥናታችን በጣም ይጠቅማል። በዚያ ዘመን የውጭ አገር ጸሐፊዎች ጥሎሽን «ብራይድ ፕራይስ» ማለትም የሙሽራ ዋጋ ይሉት ነበር። እርሱ ግን ይህ ቃል ሴቲቱ እንደ ዕቃ የተሸጠች ያስመስላል፣ ስለዚህ «ብራይድ ዌልዝ» ማለትም የሙሽራ ሀብት እንበለው አለ። ብዙዎች ተቀበሉት። ከከብቶቹ አንዱ እንኳ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ተመልካቹ የሚያይበት ዓይን ነው።

ነገር ግን ቃሉን ማስተካከል ጉዳትን ሁሉ መሸፈን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሴት ልጅ ያለ ዕድሜዋ፣ ያለ ፈቃዷ ለከብት ሲባል ብትዳር፣ ስሙን ሀብት ብንለው ጉዳቱ አይቀርም። በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ የሄደ ሠራተኛ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ልጆቻቸውን ይሸጣሉ» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ እውነቱን አልጻፈም። የእኛስ አገር ጥሎሽ በገንዘብና በወርቅ ሲሰጥ ተሸጠች እንላለን? ልጅቱን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው አባቷን ነጋዴ ብሎ ከሰደበው በኋላ ማን ይሰማዋል?

ሱዛን ብለን ስም ሳንሰጣት፣ በኩሌ ያለች አንዲት እናት የወር ራሽኗን ተቀበለች እንበል። ማሽላ ተሰፍሮላታል። ማሽላው ግን ጥሬ ነው፤ ልጆቿ ገንፎ እንዲበሉ መፈጨት አለበት። ወፍጮ ቤቱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እርሷ ገንዘብ የላትም። ስለዚህ ከማሽላው ጥቂቱን ሸጣ የቀረውን ታስፈጫለች። ለሳሙናና ለጨውም እንዲሁ ታደርጋለች። የሸጠችው በራሽን ማግስት ስለ ሆነ፣ ሁሉም በሚሸጥበት ቀን ነውና እህሉ ረክሷል። ወሩ ሊያልቅ ሲል መልሳ መግዛት ብትፈልግ ተወዶ ታገኘዋለች። ከአሜሪካ በመጣው ከረጢት ላይ ደግሞ እህሉ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጎብኚዎች ይቈጣሉ። «ዋጋውን ቢያውቁ ኖሮ አይሸጡትም ነበር» ይላሉ። እኛ ግን ዋጋውን ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም ብለን እናምናለን። ስኮትላንዳዊው ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ «ቫልዩ» ሁለት ትርጉም አለው ብሎ ነበር፤ አንዱ ነገሩ ሲጠቀሙበት የሚሰጠው ጥቅም፣ ሁለተኛው በገበያ ሌላ ነገር የሚገዛበት ኃይል። ምሳሌውም ውሃና አልማዝ ነበሩ፤ ውሃ ያለ እርሱ መኖር አይቻልም፣ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ምንም አይገዛም፤ አልማዝ ብዙ ይገዛል፣ ነገር ግን ማን ይጠጣዋል? ስሚዝ ኩሌን ቢያይ ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም ነበር። በ2006 ዓ.ም. መጠለያው ሲከፈት ውሃ በመኪና ተጭኖ ይመጣ ነበር፤ በኋላ በኢታንግ የቧንቧ መስመር ተዘርግቶ መጠለያዎቹና የአካባቢው ነዋሪ ከአንድ ምንጭ መጠጣት ጀመሩ። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ጀሪካን ተሸክማ በሰልፍ ለምትቆም ልጅ ግን ዋጋው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ማሽላውም እንዲሁ ነው። በሳህን ላይ ያለው ጥቅሙና በገበያ ያለው ኃይሉ ተለያይተዋል፤ እናቲቱም ከአንዱ ጥቂት ቆርሳ ሌላውን ታድናለች። ይህን ነው እኛ ብልኃት የምንለው።

በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ እርዳታው ለማይገባቸው ሰዎች እየተላለፈ ነው በሚል ምክንያት የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት በኢትዮጵያ የምግብ ሥርጭታቸውን አቆሙ። የስደተኞቹም ቀለብ ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ወራት በኩሌ የአንድ ጣሳ እህል ጥቅም አልተለወጠም፤ አንድ ልጅ ለአንድ ቀን ያጠግባል። የተለወጠው ጣሳውን ለማግኘት ሰው የሚከፍለው ነገር ነው። ለማገዶ ሩቅ ጫካ መሄድ፣ ያለችውን ልብስ መሸጥ፣ መበደር፣ ከምግብ ሰዓት አንዱን መዝለል፤ ይህ ሁሉ «ኮስት» ነው። በአማርኛ «ዋጋ ከፈለ» ስንል ይህንን ነው። በሪፖርታችን የእህሉን «ፕራይስ» ጽፈን እናቲቱ የከፈለችውን «ኮስት» ብንተወው፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ታሪኩ ግን ጐደሎ ይሆናል።

አሁን ወደ ዕሴተ ጻማ፣ ወደ ድካም ዋጋ እንመለስ። በመጠለያዎች ውስጥ ብዙ ሥራ የሚሠራው በስደተኞቹ በራሳቸው ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመ ሕፃን የሚፈልጉ፣ በጠባብ ክፍል ብዙ ልጆችን የሚያስተምሩ፣ ለሐኪሙም ለእኛም የሚያስተረጉሙ እነርሱ ናቸው። የሚከፈላቸው ገንዘብ ግን ደመወዝ አይባልም፤ «ኢንሴንቲቭ» ይባላል፤ በአማርኛ ማበረታቻ ማለት ነው። መጠኑም ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው የአገሩ ተወላጅ ደመወዝ በጣም ያነሰ ነው። ስሙ የተመረጠው ለምን እንደ ሆነ ይገባናል፤ ለረጅም ዘመን ስደተኛ ተቀጥሮ እንዲሠራ ሕግ አይፈቅድም ነበር፤ በጀቱም ጠባብ ነው። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በተወሰነ ሁኔታ የመሥራት መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ቃሉን እንደገና መመርመር ይገባናል። ማበረታቻ የሚሰጠው ሳይከፈለውም ሊሠራ ለሚችል ሰው ነው፤ እንደ ሽልማት ያለ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ሲዞር ለዋለ ሰው የሚገባው ግን ዕሴቱ ነው። ሐዋርያውም ሆነ ነቢያቱ ስለ ሠራተኛ ሲናገሩ ስለ ተገባው ደመወዝ እንጂ ስለ ማበረታቻ አልተናገሩም።

ይህ ተራ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የብርን ነገር ያስብ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ተቆርጦ የሚከፈል ሁሉ በወረቀት ላይ ያው ሆኖ በገበያ ቀነሰ። ደመወዝ የሚባል ነገር ሲቀንስ ሠራተኛው ይጠይቃል፤ የሚከራከርበት ቃል አለው። ማበረታቻ ሲቀንስ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? ስጦታ አነሰ ብሎ የሚከራከር ሰው ባለጌ ይባላል። ስሙ አፉን ዘጋው ማለት ነው። (ብር የሚለው ቃል ራሱ ነጭ ማዕድን ማለት እንደ ነበር እናስታውስ። በአንድ ዘመን በጋምቤላ ወደብ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ካርቱም ሲወርድ አገሩ የሚገበያየው በማርትሬዛ ብር ነበር፤ ያን ጊዜ ብር የሚያወጣው ብሩ ራሱ በመሆኑ ነው።)

«ግምት» የሚለውን ቃልም በጥቂቱ እንንካው። ግምት ለዕቃ ሲሆን ተመን ማለት ነው፤ ለሰው ሲሆን «ግምት ሰጠው» ይባላል፤ አከበረው፣ ቈጠረው ማለት ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ለእግዚአብሔር የተሳለ ሰው በብር ይገመት እንደ ነበር እናነባለን፤ ለጎልማሳ ወንድ 50 ሰቅል፣ ለሴት 30። ለዛሬ አንባቢ የሚከብድ ምዕራፍ ነው፤ አናቀልለውም። ነገር ግን ቍጥር 8 ላይ የተሳለው ሰው ድኻ ከሆነ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምት ተብሏል። ስለዚህ የሚለካው የሰውየው ክብር ሳይሆን የሚከፍለው አቅሙ ነበር። በእኛም ቅጾች «የተጋላጭነት ግምት» የሚል ዓምድ አለ። የሚገመተው ችግሩ ነው። ተመዝጋቢዋ ግን በሰልፍ ቆማ ቍጥር ሲጻፍባት ስታይ፣ የተገመተችው እርሷ ራሷ ትመስላታለች፤ ማስረዳት የመዝጋቢው ፈንታ ነው።

ከዚሁ ጋር «ፋይዳ» የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ። ፋይዳ በአማርኛ ጥቅም፣ ረብ ማለት ነው፤ «ፋይዳ ቢስ» ብለን የምንሳደብበትም ያው ቃል ነው። ስደተኞችም እንዲያገኙት ሥራው ተጀምሯል። በሌላ አገር ለተወለደና ወረቀቱ ለጠፋበት ሰው ስሙ የተጻፈበት ካርድ በእጁ መግባቱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስልክ በስሙ ለማውጣት፣ በባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይረዳዋል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ደግ ቃል መርጠዋል።

በመጨረሻ ስለ ድንቢጦች። በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ጌታ ስለ ሁለት ድንቢጦች ይናገራል፤ በሉቃስ ምዕራፍ 12 ስለ አምስት። የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን የሮሙን ገንዘብ በሳንቲም መልሰውታል፤ ሁለቱ በአምስት ሳንቲም፣ አምስቱ በአሥር። ሒሳቡን የሠራ ልጅ ወዲያው ይጠይቃል፤ በአሥር ሳንቲም የሚገዙት አራት ናቸው፣ አምስተኛዋ ከየት መጣች? የገበያ ሰው ግን አይጠይቅም። አምስተኛዋ ምርቃት ናት። ሽንኩርት መዝና ከሰጠች በኋላ ባለ ጉልቷ አንዲት ራስ ጨምራ ጣል ስታደርግ፣ እርሷ «መርቄልሃለሁ» ትላለች። ቋንቋችን በገበያ የሚጨመረውንና በአባት አፍ የሚነገረውን በረከት በአንድ ቃል ይጠራዋል። ያች አምስተኛ ድንቢጥ «ፕራይስ» የላትም፤ ማንም አልተከራከረባትም፤ ተመንም አልወጣላትም። ወንጌሉ ግን ከአምስቱ አንዲቱም፣ እርሷም ጭምር፣ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳች ይናገራል። በኩሌ ብዙ ሰዎች በመዝገብ መጨረሻ ላይ የተጻፉ፣ ለሌላው ሲሰፈር የተጨመሩ የሚመስላቸው ናቸው፤ ዘመድ አልባ ሆነው በሌላ ቤተሰብ ካርድ ላይ የገቡ ሕፃናት፣ ብቻቸውን የደረሱ ሽማግሌዎች። ይህን ክፍል ስታጠኑ እነርሱን አስቡ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከዚህ ጥናት የሚወጣ ሥራ አለ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት «ቫልዩ» የሚለው ቃል በሚገኝበት ዓምድ ሁሉ፣ በአማርኛው ቅጂ ላይ የምትሉትን ለይታችሁ ጻፉ፤ የዕቃ ከሆነ ዋጋ፣ የምግብ ከሆነ ጥቅም ወይም የምግብ ይዘት፣ የሥራ ከሆነ የድካም ዋጋ፣ የሰው ከሆነ ክብር በሉ። ሁለት ቃል የሚያስፈልገው ቦታ ካለ ሁለት ጻፉ፤ ቅጹ ጠባብ ነው ብላችሁ አትተዉት። በኩሌና በአካባቢው ያላችሁ ባልደረቦች ደግሞ አስተርጓሚዎቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልን፤ እኛ በስብሰባ ላይ «ዋጋ» ስንል በኑዌር ቋንቋ ምን ብለው ያስተላልፉታል? ለእህሉ የሚሉትና ለሰው የሚሉት አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? የሚነግሯችሁን በራሳቸው አባባል ከነማብራሪያው ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።